ሰኔ ላይ የሞተው የፕሪንት ሰርቨር

ሰኔ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ማክሰኞ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ መብራት ሄደ። ጄኔሬተራችን እስኪነሳ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ያችን ሁለት ደቂቃ መሸፈን የነበረበት ዩፒኤስ አልያዘም። መብራት ሲመጣ ስዊቹም፣ የፋይል ሰርቨሩም፣ ኮምፒውተሮቹም ተራ በተራ ተነሱ። የሁሉንም ኮምፒውተር ሰነድ ተቀብሎ ወደ ፕሪንተሮቹ የሚልከው የፕሪንት ሰርቨር ግን ሳይነሳ ቀረ።

የበጀት ዓመታችን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ቢሮ የሠራ ሰው የሰኔን የመጨረሻ ሳምንት ያውቀዋል። ያልተወራረደ ሒሳብ ይወራረዳል፣ የግዢ ሰነድ ይዘጋል፣ የንብረት ቆጠራ ቅጽ ይሞላል፣ ፔይሮል ይሠራል። ሁሉም ፊርማ፣ ቲተርና ማኅተም ይፈልጋል። እነዚህ ሁሉ ደግሞ የሚያርፉት ወረቀት ላይ ነው። ያን ቀን 64 ኮምፒውተር ይዘን አንዲት ገጽ ማውጣት አቃተን።

ከዚያ በኋላ ተጠባባቂ ሰርቨር አቆምን። እንዴት እንዳቆምነው፣ የት የት እንደተሰናከልንና ዛሬ እንዴት እንደሚሠራ በዝርዝር ልጻፍ። በአንድ የፕሪንት ሰርቨር ብቻ የሚሠሩ ብዙ መሥሪያ ቤቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኛ ያየነውን እነሱ እንዲያዩት አልፈልግም።

ምን ነበረን

ቢሯችን አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ነው። 11 የኔትወርክ ፕሪንተሮች አሉን። ሁሉም ሰው የሚያትመው ምድር ቤት ባለ አንድ ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር2 በኩል ነበር። ሰርቨሩ ሁለት ሃርድ ዲስክ ነበረው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲይዝ ተብሎ። አንደኛው ዲስክ ቀደም ብሎ ሞቶ ኖሯል። ቢጫ መብራቱ ይበራል፣ ክፍሉ ግን ተቆልፎ ስለሚውል ያየው የለም። መብራት ሲሄድ ሁለተኛውም ተከተለው።

ዩፒኤሱ ለምን እንዳልያዘ በኋላ አጣራን። ባትሪው አርጅቷል፤ ይህ አንዱ ነው። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። አንድ ሰው ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤሱ ላይ ሰክቶበታል። ሌዘር ፕሪንተር ቶነሩን ወረቀት ላይ የሚያቀልጥበት ፊውዘር የሚባል የሚሞቅ ክፍል አለው። ያ ክፍል በሞቀ ቁጥር ብዙ ኃይል ይስባል፣ ለዩፒኤስ ከባድ ሸክም ነው። ይህን የሚያነብ ሰው ዛሬውኑ ወደ ሰርቨር ክፍሉ ገብቶ ዩፒኤሱ ላይ ምን እንደተሰካ ቢያይ ደስ ይለኛል።

ባክአፕስ? የፋይል ሰርቨሩ በየሌሊቱ ባክአፕ ይደረጋል። የፕሪንት ሰርቨሩ ግን አይደረግም ነበር። «እሱ ላይ ምን ዳታ አለ?» ብዬ ያለፍኩት እኔ ነኝ። ዳታ ነበረው። የ11 ፕሪንተሮች ስም፣ የእያንዳንዱ አድራሻና ድራይቨር (ኮምፒውተር ከፕሪንተሩ ጋር የሚግባባበት ፕሮግራም)፣ ማን በየትኛው ማተም እንደሚፈቀድለት፣ ለማኅተም ደብዳቤ የሚሆነው ወረቀት በየትኛው ትሪ እንደሚገባ። በዓመታት ውስጥ ጥቂት በጥቂት የተሠራ ሥራ ነው። አንድም ቦታ አልተጻፈም ነበር።

ያ ቀን

የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ደወሉ። «ልጄ፣ ፔይሮሉ ዛሬ ካልወጣ ለባንክ አይደርስም» አሉኝ። «እሺ እትዬ፣ የእርስዎን አስቀድማለሁ» አልኩ።

ፕሪንተሮቹ ጤነኞች ናቸው። የኔትወርክ ፕሪንተር አብዛኛውን ጊዜ በፖርት 9100 ሰነድ ይቀበላል፤ ማን እንደላከለት ግድ የለውም። ስለዚህ ኮምፒውተሮቹን በአይፒ አድራሻ በቀጥታ ከፕሪንተሩ ጋር ማገናኘት ጀመርኩ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ግን ድራይቨር ለመጫን የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ስለሚፈልግ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ጋ ራሴ መሄድ ነበረብኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ዘጠኝ ኮምፒውተር ብቻ ጨረስኩ። ቀሪው ሠራተኛ ሰነዱን በፍላሽ ይዞ ወደነዚያ ዘጠኝ ወንበሮች ይሰለፋል። ፍላሽ ከክፍል ክፍል ሲዞር ቫይረስም አብሮ ይዞራል፤ እሱን ለማጽዳት ሌላ ሁለት ቀን ሄደብን።

ከሰዓት በኋላ ደረጃ ላይ እየወጣሁ እየወረድኩ ሳለ ነገሩ ተገለጠልኝ። ሌላ ማሽን አለን። ፕሪንተሮቹም አሉ። ታዲያ ለምን 64 ኮምፒውተር ዘንድ እዞራለሁ? ምክንያቱ ስም ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ፕሪንተሩን የሚያውቀው በሞተው ማሽን ስም ነው። የማሽኑን ስም ትቶ ለሥራው በተሰጠ ስም ቢያውቀው ኖሮ፣ ያን ስም ከሞተው አንስቼ ሕያው ለሆነው እሰጠው ነበር። አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ጊዜ። ከዚያ በኋላ የሠራነው ሁሉ የተነሳው ከዚህ ሐሳብ ነው።

ምን አማራጭ ነበረን

ድሮ የዊንዶውስ ፕሪንት ሰርቨርን በክላስተር ማቆም ይቻል ነበር፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ራሱ ይረከባል። ማይክሮሶፍት ይህን ከሰርቨር 2012 ጀምሮ አነሳው። በምትኩ የሚመክረው ፕሪንት ሰርቨሩን ቨርቹዋል ማሽን (በሌላ ሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ኮምፒውተር) አድርጎ፣ ማሽኑን ራሱን በሁለት ሰርቨሮች መካከል እንዲዘዋወር ማድረግ ነው። ጥሩ መንገድ ነው። ሁለት ጠንካራ ሰርቨርና የጋራ ዲስክ ግን ይፈልጋል። ለእኛ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ፣ ኮሚቴ አስቀምጦ፣ በጀት ጠይቆ የሚመጣ ነገር ነው።

ብዙ ሰው የሚያነሳው ሌላ መንገድ ሁለት ፕሪንተሮችን በአንድ ስም ስር ማጣመር ነው፣ ፑሊንግ የሚባለው። ይህ ፕሪንተር ሲበላሽ ይረዳል። ሰርቨር ሲሞት ምንም አይፈይድም። ሁለቱ ሲምታቱ ስላየሁ ነው ያነሳሁት።

እኔ መጀመሪያ የሞከርኩት የባሰውን ነው። ዳር የተቀመጠ ዊንዶውስ 10 ያለው ዴስክቶፕ ነበረ። 11ዱን ፕሪንተሮች ጫንኩበት፣ ሼር አደረግኳቸው። ለጥቂት ሰዎች ደህና ሠራ። ጠዋት ሁሉም ሲገባ ግን ከፊሉ ያትማል፣ ከፊሉ «ከዚህ በላይ ግንኙነት መቀበል አይቻልም» የሚል መልእክት ይመጣለታል። ዊንዶውስ 10 የሰርቨር ሥራ እንዲሠራ የታሰበ አይደለም፤ በአንድ ጊዜ ከ20 በላይ ኮምፒውተር አይቀበልም። ማስተካከያ የለውም፤ የፈቃዱ ገደብ ነው። ለአነስተኛ ቢሮ ይበቃል፣ ለ64 ሰው አይበቃም።

መፍትሔው እዚያው ቤታችን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሒሳብ ሶፍትዌሩን የሚያስተናግድ ሌላ ሰርቨር አለን። የገዛነው የዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ስታንዳርድ ፈቃድ ነው። ይህ ፈቃድ የማሽኑ ኮሮች በሙሉ ከተሸፈኑ ሁለት ቨርቹዋል ማሽን ይፈቅዳል። እኛ የምንጠቀመው አንዱን ብቻ ነበር። ስለዚህ ምንም ሳንገዛ ሁለተኛውን የፕሪንት ተጠባባቂ አደረግነው። ሌላ ፎቅ ላይ፣ በሌላ ዩፒኤስ፣ በሌላ ስዊች ላይ መሆኑ ደግሞ ትልቅ ጥቅም ነው። ምድር ቤት ያለው ዋናው ሰርቨር አዲስ ዲስክ ገባለት፤ እሱም ላይ 2019 ጫንበት።

ቃሊቲ ያለው መጋዘናችን ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ነው ያለው። እዚያ «ብራንች ኦፊስ ዳይሬክት ፕሪንቲንግ» የሚባለውን አበራን። ኮምፒውተሩ የፕሪንተሩን መረጃ ከሰርቨሩ ወስዶ ያስቀምጣል፣ ሰነዱን ግን በቀጥታ አጠገቡ ላለው ፕሪንተር ይልካል። መስመሩ ቢቋረጥም ማተም አይቆምም። ዋናው ቢሮ ላይ ያልተጠቀምንበት፣ ማን ምን እንዳተመ የሚቆጣጠረው አንድ በር እንዲሆን ስለፈለግን ነው።

ስሙን ከማሽኑ መለየት

ሥራው እንዲህ ነው። የማሽን ስምን ወደ አድራሻ በሚተረጉመው ዲኤንኤስ ላይ «ህትመት» የሚል ትርጉም ያለው ቅጽል ስም ፈጠርን፤ በሙያው ሲኔም የሚባለው ነው። ስሙ ወደ ዋናው ሰርቨር ይጠቁማል። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ በግሩፕ ፖሊሲ (ቅንብርን ከአንድ ቦታ ለሁሉም የሚልክ የዊንዶውስ መንገድ) በኩል ፕሪንተሮቹን በዚህ ቅጽል ስም እንዲያገኙ አደረግን። የድሮውን የማሽን ስም ከየቦታው አጠፋን። ፖሊሲው ላይ «አፕዴት» የሚለውን መረጥኩ። «ሪፕሌስ» ሰው በገባ ቁጥር ፕሪንተሩን አጥፍቶ እንደገና ስለሚጭን መግቢያውን ያዘገየዋል።

የዲኤንኤስ መረጃ በዊንዶውስ ላይ ካልተነካ ለአንድ ሰዓት ይቆያል። ስሙን ብታዞረውም ኮምፒውተሩ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ የድሮውን አድራሻ ሊያስታውስ ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ስም 5 ደቂቃ አደረግነው።

ሁለቱ ሰርቨሮች አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ዊንዶውስ ራሱ የያዘውን መሣሪያ ተጠቀምን። ፕሪንት ቢአርኤም ይባላል፣ ስፑል ፎልደር ውስጥ ቱልስ በሚለው ስር ይገኛል። የፕሪንተሮቹን ስም፣ ፖርት፣ ድራይቨርና ቅንብር በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ያወጣል፤ በሌላ ሰርቨር ላይ ይመልሰዋል። አሁን በየዓርቡ ማታ ራሱ ይሠራል። ፋይሉ ወደ ፋይል ሰርቨሩም ስለሚገለበጥ ሁለቱም ማሽኖች ቢሞቱ እንኳ እንደ ሰኔ 27 ከዜሮ አንጀምርም።

የቅዳሜው ሙከራ

አንድ ቅዳሜ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ገባን። ዋናውን አጠፋን፣ ስሙን ወደ ተጠባባቂው አዞርን። አንድም ነገር አልሠራም።

መጀመሪያ የገጠመን በ709 የሚያልቅ የስህተት ቁጥር ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር ሲጠሩት ከራሱ ስም ውጭ ባለ ስም ከሆነ ይጠራጠራል። የፕሪንት አገልግሎቱ ቅጽል ስሙን እንዲቀበል ዊንዶውስ ቅንብሩን በሚያስቀምጥበት ሬጂስትሪ ውስጥ «ዲኤንኤስ ኦን ዋየር» የሚለውን ማብራት፣ «ኦፕሽናል ኔምስ» በሚለው ስር ቅጽል ስሙን መጻፍ ያስፈልጋል። ይህን ዋናው ላይ ቀደም ብዬ አድርጌዋለሁ። ፕሪንት ቢአርኤም ግን ሬጂስትሪውን ይዞ አይሻገርም፤ ተጠባባቂው ላይ በእጅ መሠራት ነበረበት።

እሱን አስተካክለንም አልሄደም። ይኛው ብዙ ሰዓት በላን። በዶሜይን (በአንድ ማዕከል በሚተዳደሩ የቢሮ ኮምፒውተሮች) ውስጥ እያንዳንዱ አገልግሎት ኤስፒኤን የሚባል መታወቂያ አለው፤ ኮምፒውተሩ ከሰርቨሩ ጋር ከርበሮስ በሚባለው የማንነት ማረጋገጫ የሚተዋወቀው በእሱ ነው። መታወቂያው በአንድ ጊዜ በአንድ ማሽን ስም ብቻ ነው የሚመዘገበው። እኛ ስሙን ወደ ተጠባባቂው አዞርን፣ መታወቂያው ግን ዋናው ጋ ቀረ። ኮምፒውተሩ በዋናው ቁልፍ የተቆለፈ ትኬት ይዞ ወደ ተጠባባቂው ይሄዳል፤ ተጠባባቂው መክፈት አይችልም። ቤቱ ተቀይሮ ቁልፉ ከአሮጌው ቤት ጋር እንደቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ስም ማዞር ሦስት ነገር ሆነ፦ ዲኤንኤሱን መቀየር፣ መታወቂያውን ከዋናው መሰረዝ፣ በተጠባባቂው ማስመዝገብ። ሦስቱን በአንድ ስክሪፕት ጻፍናቸው። ሰው በጥድፊያ ሰዓት አንዱን ይረሳል።

ከዚያ ማተም ጀመረ። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ትልቁ ባለቀለም ኮፒ ማሽን ብቻ ዝም አለ። ይህ ማሽን የሚቀበለው ከተፈቀደለት አይፒ ብቻ እንዲሆን ከዓመታት በፊት ተቆልፎ ነበር፣ ሰው በጎን እንዳያትምበት። የተፈቀደው የዋናው ሰርቨር አይፒ ብቻ ነው። የተጠባባቂውን ጨመርን፣ ተለቀቀ።

የመጨረሻው ችግር የድራይቨር ነው። ለሁለት አሮጌ ፕሪንተሮች የሚሆን የራሳቸውን ድራይቨር ስላጣሁ ተጠባባቂው ላይ የአምራቹን ዩኒቨርሳል ድራይቨር ጭኜ ነበር። የሙከራ ገጹ ጥሩ ወጣ። አንድ የመዝገብ ቤት ደብዳቤ ስናትም ግን ፊደሉ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ወጣ። ደብዳቤው ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው የዛሬው ሥርዓት) በፊት በነበረ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ነው። በእነዚያ ፎንቶች የአማርኛው ፊደል የሚቀመጠው በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነው። ድራይቨሩ ፎንቱን በሌላ ሲተካው ከስሩ ያለው ላቲን ይወጣል። መዝገብ ቤታችን የዚህ ዓይነት ፋይል ብዙ አለው፤ የብዙ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤትም እንዲሁ ነው። ተጠባባቂ ስታቆሙ የሙከራ ገጽ አትመኑ፤ አሮጌ የአማርኛ ደብዳቤ አትሙ።

የድራይቨር ልዩነት ሌላም መዘዝ አለው፣ እሱም ያን ማክሰኞ ደረጃ ለደረጃ ያስሮጠኝ ነው። በ2013 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ፕሪንት ናይትሜር የተባለ ከባድ ክፍተት በዊንዶውስ የፕሪንት ስፑለር (የህትመት ወረፋውን የሚይዘው አገልግሎት) ውስጥ ይፋ ሆነ። በእሱ በኩል ሰርጎ የገባ ሰው ማሽኑን ሙሉ በሙሉ መቆጣጠር ይችል ነበር። ማይክሮሶፍት ሰኔ 29 ላይ ከመደበኛው ቀን ውጭ ማስተካከያ አወጣ። ነሐሴ 4 ላይ ደግሞ ከአስተዳዳሪ በስተቀር ማንም የፕሪንተር ድራይቨር ከሰርቨር እንዳይጭን አደረገ። ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ለተጠባባቂ ሰርቨር ግን ትርጉሙ ይህ ነው፤ የሁለቱ ሰርቨሮች ድራይቨር በስምም በቨርዥንም አንድ ካልሆነ፣ ስሙን ባዞርክ ቅጽበት ኮምፒውተሮቹ አዲስ ድራይቨር ልጫን ብለው ፓስወርድ ይጠይቃሉ። 64 ሰው ይደውላል። የነሐሴውን ቁልፍ በሬጂስትሪ መክፈት ይቻላል፤ እኔ ግን በፍጹም አላደርገውም፣ ለማንም አልመክርም። ትክክለኛዎቹን ድራይቨሮች ከአምራቹ ፈልገን በሁለቱም ላይ አንድ አደረግን።

የእውነቱ ቀን

ታኅሣሥ 2016 ላይ ዋናው ሰርቨር ከአፕዴት በኋላ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር። ስክሪፕቱን አስነሳሁ። በ12 ደቂቃ ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው እያተመ ነበር። አምስት ኮምፒውተሮች ብቻ የድሮውን ግንኙነት ይዘው ቀሩ፤ ስፑለራቸውን አጥፍቼ ሳስነሳው ገቡ። በጣም ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ዋናውን አስተካክዬ አበራሁት። ወዲያው ሒሳብ ክፍል ያለው ፕሪንተር ማውጣት ጀመረ። ጠዋት ማሽኑ ሲንጠለጠል ወረፋ ላይ የነበሩት ሰነዶች ዲስኩ ላይ ተቀምጠው ነበር። ስፑለሩ ሲነሳ ካቆመበት ቀጠለ። ስሙ ወደ ሌላ መዞሩ አያግደውም፣ ምክንያቱም ሰርቨሩ ወደ ፕሪንተሩ የሚልከው በአይፒ ነው። ሠራተኛው ደግሞ ሰነዱ ስላልወጣለት ጠዋት በተጠባባቂው በኩል ደግሞ አትሞታል። የክፍያ ቫውቸሮች ሁለተኛ ጊዜ ወጡ።

ያስተዋሉት የሒሳብ ኃላፊዋ ናቸው። «ይሄን ቁጥር እኮ ጠዋት ፈርሜበታለሁ» ብለው ሁለቱን ወረቀት ይዘው መጡ። ባያስተውሉ አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ ሊሄድ ይችል ነበር። ከኋላው ደግሞ የደሞዝ ዝርዝር ተከትሎ ወጥቶ ማንም በሌለበት ትሪ ላይ ተቀምጧል። ያን ቀን ደነገጥኩ።

አሁን ደንባችን ግልጽ ነው። የወደቀ ሰርቨር የኔትወርክ ገመዱ ተነቅሎ ነው የሚነሳው። ስፑለሩ ይቆማል። ስፑል ስር ያለው ፕሪንተርስ የሚባለው ፎልደር ባዶ ይደረጋል። ገመዱ የሚሰካው ከዚያ በኋላ ነው። በሁለቱም ሰርቨሮች ላይ ማን ምን እንዳተመ የሚመዘግበውን የክስተት መዝገብም አብርተናል፤ ዊንዶውስ ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። አጠራጣሪ ቫውቸር ሲኖር በየትኛው ሰርቨር፣ ስንት ሰዓት እንደወጣ አሁን ማየት ይቻላል።

የቅያሬ ቀን

ሙከራውን ቅዳሜ ማድረግ አቆምን። ቅዳሜ ቢሮው ባዶ ነው፣ ችግሩም አይታይም። አሁን በየሦስት ወሩ በሥራ ቀን፣ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ስሙን እናዞራለን። ተጠባባቂው ዋና ይሆናል፣ ዋናው ተጠባባቂ ይሆናል። ወደ ኋላ አንመልሰውም፤ እስከሚቀጥለው ቅያሬ እዚያው ይሠራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅያሬዎች ስልክ ተደወለልን። አንዱ የፈቃድ ጉዳይ፣ ሌላው የትሪ ቅንብር ነበር። ሁለቱንም በሰላም ቀን አገኘናቸው።

ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ነበር፣ የመዝጊያው ቀን። ጠዋት መብራት ሄዶ መጣ። የሒሳብ ኃላፊዋ ደወሉ።

«ልጄ፣ ዛሬ በየትኛው ነው የምንሠራው?»

«በሦስተኛ ፎቁ ነው እትዬ። ችግር አለ?»

«የለም፣ እየወጣልኝ ነው። ቶነር ግን ሊያልቅ ነው፣ እሱን ላክልኝ።»